የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የአንድ ቀን ጉብኝት

የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የአንድ ቀን ጉብኝት በኦሮሚያ ክልል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከምትገኘው ባቱ (ዝዋይ) ከተማ በሞተር ጀልባ ተነሥቶ፣ በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች አንዱን ወይም ሁለቱን በአስጎብኚ መሪነት አይቶ በዚያው ቀን የሚመለሱበት ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዱከም፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ የሚነሡ የተማሪዎች፣ የመሥሪያ ቤትና የማኅበር ቡድኖች ያደርጉታል። ወፍ ለማየት የሚመጡ የውጭ አገር ጎብኚዎችም ብዙ ጊዜ ወደ ደቡብ ሲያልፉ ግማሽ ቀን ያቆሙበታል።

ደሴትን በአንድ ቀን የመጎብኘት ልማድ በዓለም ላይ ይበልጥ የሚታወቀው በካሪቢያን ባሕር ነው። እዚያ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ጠዋት ወደብ ይደርሳል፤ ተሳፋሪዎቹ በቡድን በቡድን ተከፍለው ከአስጎብኚ ጋር በአውቶቡስ ደሴቱን ይዞራሉ፤ ከመምሸቱ በፊት ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። የዝዋይ ጉብኝት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጀልባው ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ነው፣ አውቶቡስ የሚሄድበት መንገድ በደሴቶቹ ላይ የለም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምን ይታያል፣ ማንስ ያሳየዋል?

ስለ ስሞቹ

ስለ ቦታው በካርታ ወይም በመጽሐፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር የስም ብዛት ነው። ሐይቁ ዝዋይ፣ ዘዋይ፣ ዟይ እየተባለ ይጻፋል፤ በአፋን ኦሮሞ ደንበል ይባላል። ከተማዋ ቀድሞ ዝዋይ ትባል ነበር፣ አሁን መጠሪያዋ ባቱ ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሚኒባስ ላይ «ዝዋይ! ዝዋይ!» እያለ የሚጣራ ረዳት ዛሬም አይጠፋም። ትልቁ ደሴት በአፋን ኦሮሞ ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም «ትልቁ ተራራ» ሲባል በቤተ ክርስቲያን አጠራር ደግሞ ደብረ ጽዮን ነው። ስለዚህ በስልክ ካርታ ላይ አንዱን ስም ብቻ አስገብቶ «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኘ ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ በሌላው ስም መሞከር ነው። ከጀልባ ነጂ ጋር ሲዋዋሉም ደሴቱን በሁለቱም ስም መጥራት ይሻላል።

ሐይቁ

ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ርዝመቱ ወደ 31 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ስፋት እያለው ግን ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ከምዕራብ ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝ፣ ከምሥራቅ ደግሞ ከአርሲ ተራሮች የሚመጣው የቀጣር ወንዝ ይገቡበታል። ትርፉ ውኃ በደቡብ በኩል በቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል።

ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው ሲቀንስ አራት ሆነው ተለያዩ። ደሴቶቹ የእሳተ ገሞራ ሥሪት ናቸው። ከሐይቁ በስተ ደቡብ የሚታየው የአሉቶ ተራራም እንዲሁ እሳተ ገሞራ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለውም እዚያው ነው።

የሐይቁ አለመጠለቅ ለጎብኚ ትልቅ ትርጉም አለው። ነፋስ ጥልቀት የሌለውን ውኃ ቶሎ ያናውጠዋል፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሊያነሣ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው የሰዓት አቆጣጠር ሁሉ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዱከም እስከ ባቱ

ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ በአዳማ መንገድ ላይ ያለች፣ በሥጋ ቤቶቿና በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የምትታወቅ ከተማ ናት። ከዱከም ባቱ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ በቢሾፍቱ በኩል እስከ ሞጆ ከአዳማው ጋር አንድ ነው፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ ይታጠፋል። እስከ ሞጆ ያለውን በመስከረም 2007 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወይም በአሮጌው መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ከሞጆ በኋላም ወደ መቂና ባቱ የሚያደርስ የፍጥነት መንገድ ተሠርቷል። ያልጠበቁት ነገር ካላጋጠመ በሁለት ሰዓት ገደማ ይደረሳል።

ያልተጠበቀው ነገር አንዳንዴ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ስለሚከበር መንገዱ በእጅጉ ይጨናነቃል፤ በዚያ ቀን ወደ ዝዋይ ለመሄድ ማሰብ አያዋጣም፣ ይልቅ በዓሉን ማየት ነው።

ከሞጆ በኋላ አሮጌውን መንገድ የያዘ ሰው የቆቃን ሐይቅ ጫፍ ያገኛል። ቆቃ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም፤ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ በጀመረው የኃይል ማመንጫ ግድብ የተፈጠረ ነው። ቀጥሎ የምትመጣው መቂ የቲማቲምና የሽንኩርት አገር ናት፤ ሲመለሱ አትክልት ሸምተው የሚገቡ ብዙ ናቸው። ወደ ባቱ ሲጠጉ የአበባ እርሻዎቹ ነጫጭ የላስቲክ ቤቶች እንደ ሁለተኛ ሐይቅ ያብረቀርቃሉ። የወይን እርሻም በአካባቢው አለ።

የቀኑ አካሄድ

ወደ ቱሉ ጉዶ ለመሄድ ያሰበ ቡድን ከዱከም ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢነሣ 2 ሰዓት ገደማ ባቱ ይደርሳል። ቁርስና የጀልባ ውል ግማሽ ሰዓት ይወስዳሉ። ከዚያ ወደ ደሴቱ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ደሴቱ ላይ ሁለት ወይም ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጀልባ መመለስ፣ 8 ሰዓት ላይ ከተማ ገብቶ ምሳ መብላት፣ ከመምሸቱ በፊት ዱከም መድረስ ይቻላል። በዚህ ስሌት ከጉዞው ቀን ውስጥ ደሴቱ ራሱ የሚያገኘው ከሁለት ሰዓት ብዙም ያልበለጠ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሌላው ሁሉ መንገድና ውኃ ነው። ጠዋት አርፍዶ የደረሰ ቡድን ቱሉ ጉዶን ትቶ ቅርብ ወዳሉት ደሴቶች ቢሄድ ይሻለዋል። «ትንሽ ብንቸኩል እንደርሳለን» ማለት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ውስጥ መመለስ ማለት ነው።

ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን ማየት፣ ጀልባው ከሚችለው በላይ ሰው አለመጫኑን ማረጋገጥ የቡድኑ አስተባባሪ ሥራ ነው። በተማሪዎች ጉዞ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሁለት ጀልባ የሚያስፈልገውን ሕዝብ በአንድ ለመጫን የሚደረግ ድርድር የተለመደ ነው። ሐይቁ ጥልቅ አለመሆኑ ዋና ለማይችል ሰው መጽናኛ አይሆንም፤ ከቁመት ለመብለጥ ሦስት ሜትርም ይበቃል። ጉማሬም አለ። ጉማሬ ከሩቅ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል፣ ሆኖም በጣም ከተጠጉት ጀልባ ይገለብጣል፤ ልምድ ያለው ነጂ ርቀቱን ጠብቆ ያልፋል፣ ለፎቶ ብሎ «ጠጋ በል» የሚለውን ተሳፋሪ አይሰማም።

የክፍያ ውል ሲደረግ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው፣ የአስጎብኚው ክፍያ በውስጡ አለ ወይስ ለብቻው ነው፣ ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከመነሣት በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው። ከዳር ከራቁ በኋላ መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

ጀልባ ሳይሳፈሩ የሚታይም አለ። ከከተማዋ ወደ ሐይቁ በሚገባው የጀልባ መሳፈሪያ ዙሪያ ዓሣ አጥማጆች ጠዋት መረባቸውን ሲያራግፉ ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች እግር ሥር እስኪደርሱ ይጠጋሉ። የዓሣ ንስር፣ የውኃ ዶሮና ሌሎችም በደንገሉ ውስጥ ይታያሉ። ቱሉ ጉዶ የመሄድ ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ሁለት ሰዓት ቢያሳልፍ ቀኑ ባከነ አይባልም።

ደሴቶቹ

ዋናዎቹ ደሴቶች አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጠደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ወፎች የሚሰፍሩባት ትንሽ ድንጋያማ ደሴትም አለች፤ አስጎብኚዎች የወፍ ደሴት ይሏታል። ደብረ ሲናና ገሊላ ለአጭር ጉብኝት ይመረጣሉ። ስማቸው እንደሚያመለክተው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያላቸው ናቸው።

ቱሉ ጉዶ ከሁሉም ትልቁ ነው። ከጀልባ እንደ ወረዱ አቀበት ይጀምራል። ተዳፋቱ በድንጋይ እርከን ተከፋፍሎ ይታረሳል፤ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ነዋሪው አፈሩን የሚጠብቅበት ዘዴ ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣ ነው። ደሴቱ የሚታወቀው በደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት (ጉዲት) አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ በዚህ ደሴት ደብቀው ካቆዩት በኋላ ሰላም ሲሆን ወደ አክሱም መለሱት። ምን ያህል ዓመት እንደቆየ ተናጋሪዎቹ የተለያየ ይላሉ። ታቦቱ አርፎበታል የሚባል ሌላም ደሴት በአገራችን አለ፤ በጣና ሐይቅ ላይ ያለው ጣና ቂርቆስ። ሁለቱ ትውፊቶች ዘመናቸው የተለያየ ነው፤ የጣናው ታቦቱ አክሱም ከመግባቱ በፊት ስላለው ዘመን፣ የዝዋዩ ከአክሱም ስለ ተሰደደበት ዘመን ይናገራሉ።

ይህን ታሪክ አስጎብኚው በእርግጠኝነት ይናገረዋል፤ የሰማውም እንደዚያው ነው። አድማጩ ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ቢይዝ ይጠቅመዋል። አንደኛው ትውፊቱ ነው፤ በዘመኑ በተጻፈ ሰነድ የተረጋገጠ አይደለም፣ የደሴቱ ሰዎች ግን ራሳቸውን የሚያውቁበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ በገዳሙ በግዕዝ የተጻፉ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አሉ። አሁን ከሚታየው ሕንፃ ይልቅ የቆዩት እነርሱ ናቸው። በዙሪያው ያለው አገር ክርስቲያን ባልነበረበት ረጅም ዘመን በደሴት ላይ ተጠብቀው መኖራቸው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ታቦቱ መጣ ወይም አልመጣም የሚለውን መፍታት አያስፈልግም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ። መጻሕፍቱ የሚታዩት በካህናቱ ፈቃድ ነው። ብራና በእጅ አይነካም፤ የፎቶ ብልጭታም ቀለሙን ይጎዳል፤ ስለዚህ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ብልጭታውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ ምእመናን ወደ ደሴቱ ይሻገራሉ፤ ለመንፈሳዊ ጉዞ ጥሩ ቀን ሲሆን በእርጋታ ለማየትና ለመጠየቅ ለሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

የዛይ ሕዝብ

የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛይ ይባላሉ፤ ላቂ በሚል ስምም ይታወቃሉ። ቋንቋቸው ዛይኛ ከሴማዊ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወላኔኛና ሐረሪ ናቸው። ይህ ለቋንቋ ተማሪ አስገራሚ ነው፤ የሐረር ግንብ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋና በዝዋይ ደሴት ላይ የሚነገረው አንድ ምድብ ውስጥ ይገባሉ፣ በመካከላቸው ግን ሰፊ ሌላ ቋንቋ የሚናገር አገር አለ። የዛይ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ትውፊት ሕዝቡ በአንድ ጊዜ እንዳልመጣ ያስረዳል፤ ከአክሱም ስደተኞች በተጨማሪ በተለያየ ዘመን፣ በተለይም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ፣ ከየአቅጣጫው ሸሽተው ደሴቶቹ ላይ የተጠጉ አሉ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የሸዋ ጦር አርሲን ከያዘ በኋላ፣ ደሴቶቹ ከሌላው የክርስቲያን አገር ጋር እንደገና ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዛዮች ደሴቱን ትተው ወደ ሐይቁ ዳርና ወደ ከተሞች ወጥተዋል። መሬት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ገበያ ያለው በዚያ ነው። ከደሴት የወጣ ልጅ የሚያድገው አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየተናገረ ነው፤ ዛይኛ በቤት ውስጥ፣ ከአያት ጋር የሚነገር ቋንቋ እየሆነ ሄዷል። የቋንቋ አጥኚዎች በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ቋንቋዎች ይመድቡታል።

እዚህ ላይ የአንድ ቀን ጉብኝቱ ከመዝናኛነት ያለፈ ጉዳይ ይሆናል። ደሴቱ ላይ የሚቀሩ ሰዎች የሚተዳደሩት በዓሣ፣ በጠባብ እርሻና በሽመና ነው። ጎብኚ መጥቶ የሚከፍለው ገንዘብ ከዳር ለጀልባና ለምሳ ብቻ ከዋለ፣ ደሴቱ የፎቶ ጀርባ ሆኖ ይቀራል።

አስጎብኚው ማን ነው?

ወደ ዝዋይ የሚሄድ ቡድን ሁለት ዓይነት አስጎብኚ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ነው፤ መንገዱን፣ ምግብ ቤቱን፣ ሰዓቱን ያውቃል፣ የውጭ ቋንቋም ይናገራል። ሌላው እዚያው ባቱ የሚገኘው የአካባቢ አስጎብኚ ነው። ነፋሱን የሚያውቀው፣ ካህኑን በስም የሚጠራው፣ «አባ አሉ ወይስ ወደ ዳር ወጥተዋል?» ብሎ አስቀድሞ የሚደውለው እርሱ ነው። አቀበቱን ወጥቶ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የያዘው አባት የለም የሚባል ቡድን ከሁለት ሰዓቱ ውስጥ ምንም አላገኘም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው አስጎብኚ ቢኖርም ሁለተኛውን መጨመር ትርፍ ወጪ አይደለም።

አስጎብኚው ራሱ ዛይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይገኛል፤ ቋንቋውን መስማት። «ይህ በዛይኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጀልባውን፣ ዓሣውን፣ ደንገሉን እያመለከቱ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ቃሉን ለሐረሪ ወይም ለስልጤ ጓደኛ መላክ ደግሞ የሚያስደስት ጨዋታ ነው፣ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ቃል ይመጣል። በፈቃድ የተቀረጸ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከመቶ የራስ ፎቶ ይበልጣል።

ምሳ

የባቱ ምሳ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ተጠብሶ ሙሉውን ይቀርባል፤ አምባዛና ካርፕም ይጠመዳሉ። ካርፕ ከውጭ መጥቶ በሐይቁ የተራባ ዓሣ ነው። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእያንዳንዱ የተማሪ ጉዞ ላይ ይነሣል፤ ምግብ ቤቶቹ ለሁለቱም ወገን ያዘጋጃሉ።

የሐይቁ ይዞታ

ዝዋይ በስምጥ ሸለቆው መካከል ካሉት ሐይቆች ውኃው ጨዋማ ያልሆነው ነው። ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ለመስኖ አይሆኑም፤ ዝዋይ ይሆናል። የአካባቢው ጥቅም ሁሉ እርሱ ላይ የተከመረው ለዚህ ነው። የአበባ እርሻዎች፣ የመቂና የባቱ አትክልት አምራቾች፣ የከተማው የመጠጥ ውኃ፣ ዓሣ አጥማጆች ሁሉም ከዚያው ይቀዳሉ። ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች ላይም መስኖ አለ። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና መድኃኒት መልሶ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ እምቦጭም በዳርቻው ታይቷል።

ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ትንሽ ውኃ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ደንገሉ ይደርቃል፣ ቆሮሶ የሚራባው ደግሞ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። የመቀነሱ ውጤት በዝዋይ ብቻ አይቆምም። በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ትርፍ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዳው አብያታ ነው፤ ይህ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ተሸማቋል። የድሮ ካርታ ይዞ ወደ አብያታ–ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የሄደ ሰው፣ ካርታው ላይ ሐይቅ የሆነው ቦታ ደረቅ ነጭ መሬት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ከቱሉ ጉዶ አናት ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል፦ በምዕራብ የላስቲክ ቤቶቹ፣ በደቡብ አሉቶ፣ በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች፣ በመካከል የዓሣ አጥማጆች ታንኳዎች። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ቡድኑን እዚያ አሳርፈው ሰዓት ያያሉ፤ ነፋሱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነውና መውረድ የሚጀመረውም በዚያው ነው።